የአሥር ቢ ሽንኩርት

መርሳ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም ጽጌዬ፣

ከሁሉ በፊት የጁነይድን ልንገርሽ፤ በየደብዳቤሽ መጀመሪያ የምትጠይቂው እሱን ነው። ጎረቤቴ ተነሥቷል! ደሴ ወስደው ቡአውን ቀደዱለት፤ ተኝቶ ተኝቶ፣ ይኸው ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ተመልሶ ቁጭ ብሏል። ሐኪሙ «ከባድ ነገር እንዳታነሣ» ስላለው ኢብቲሳም ጀሪካን እንኳ አታስነካውም። እሱም «አልሐምዱሊላህ፣ መታመም እንዲህ የሚያስከብር መሆኑን ባውቅ ቀደም ብዬ እታመም ነበር» እያለ ሰፈሩን ያስቃል። ሐራ የተዳረችው ትልቋ ልጃቸው ደግሞ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ኢብቲሳም ለአራስ ጥየቃ ሄዳ የሕፃኑን ፎቶ ላልጠየቃት ሰው ሁሉ ታሳያለች። ሰላም በያት ብለውኛል።

እኔም ደህና ነኝ። ጉልበቴን ብቻ አትጠይቂኝ። የአንቺስ ጆሮ? ስልክ ደውዬ ስጮህ የመናኸሪያው ሰው ሁሉ ይሰማኛል፣ አንቺ ግን «ማነው? ማነው?» ትያለሽ። ወረቀት ይሻለናል። ሾፌሩ ወንድሙ ሚኒባሱን ይዞ ከወልድያ መርሳ ሲመላለስ ደብዳቤ መያዝ ምኑም አይደለም።

አሁን ወደ ልጅሽ። አልታመመችም። ወንድ ነገርም አይደለም፤ ያ ቢሆን ከእኔ ጋር አንድ ቤት እየኖረች አይጠፋኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወልድያ መምጣት የተወችው ሥራ ስለያዛት ነው። በዚህ ወር ለአሥረኛ ክፍሎች የምታስተምረውን ብትሰሚ! ፈረንጆች ባሕር ተሻግረው የሰው አገር የያዙት ለምን እንደሆነ ነው። እኔ እንግዲህ ታውቂያለሽ፣ ሰባተኛ ላይ ነው ያቆምኩት፤ ቅኝ ግዛት ሲባል «ክፉዎች ስለነበሩ ነዋ» ብዬ ዘግቼው ነበር የኖርኩት። ለካ እንዲያ አይደለም! ሰላምዬ እራት ላይ ታስረዳኛለች። ፋብሪካቸው ያመረተውን የሚገዛላቸው ሲያጡ፣ ለፋብሪካው ጥጥ፣ ጎማ ሲያምራቸው፣ ሕዝባቸው በዝቶ አገር ሲጠባቸው፣ ደግሞ «እኔ ካልያዝኩት ጎረቤቴ ይይዘዋል» ብለው ሲቀናኑ። ከሁሉ የገረመኝ ግን «ለእናንተው ብለን ነው፣ ልናሠለጥናችሁ» ማለታቸው። «ቆይ፣ ይህን ሲሉ አውቀው እየዋሹ ነው ወይስ ከልባቸው አምነው?» አልኳት። ሰላም ጉርሻዋን መልሳ «አክስቴ፣ ተማሪዎቼ ይህን ቢጠይቁኝ እኮ እልል እል ነበር» አለችኝ።

ችግሯ ይኸው ነው። ልጆቹ ምክንያቶቹን እንደ ውዳሴ ማርያም ያነበንቡላታል፦ ገበያ፣ ጥሬ ዕቃ፣ ሰፈራ፣ ክብር፣ ሥልጣኔ። «እሺ፣ ምን ማለት ነው?» ስትላቸው ጭጭ። ኅዳር 18 ደግሞ ሱፐርቫይዘር መጥቶ ስታስተምር ሊያያት ነው፤ የሙከራ ዓመቷ ስለሆነ የሱ ነጥብ ይወስናል።

እና አንድ ነገር አስባለች። አሥር ቢ የሚባለው ክፍል በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የሽንኩርት መደብ አለው፤ ከመስኖው ቦይ የረቡዕ ውሃ የሚደርሰው፣ እንዴት ያለ ሽንኩርት መሰለሽ! የአሥር ኤ ልጆች እንደ ባዕድ ሆነው መጥተው ይህን መደብ ሊይዙት ነው። አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ወታደር፣ አንዱ አሠልጣኝ ይሆናል። በጨዋታ ትምህርቱ ይገባቸዋል ብላለች። እኔ ከአሁኑ እንቅልፍ አጥቻለሁ!

አጎቷ አስፋው ባንክ ውስጥ ቦታ እንደያዘላትና እስከ ኅዳር መጨረሻ እንደሚጠብቃት ያልሽውን አንድም ሳላስቀር ነግሬያታለሁ። ምን አለች እንዳትይኝ፤ ገና ናት።

እህትሽ ሸዋዬ

&nbsp;

ወልድያ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሸዋዬ፣

ጁነይድ በመዳኑ ደስ ብሎኛል፤ አላህ ይጨርስለት በይልኝ። የቀረውን ደብዳቤሽን ግን ደጋግሜ አነበብኩት፣ መልስ አጣሁበት። እኔ የጠየቅሁሽ አንድ ነገር ነው፦ ልጄ ባንክ ትገባለች ወይስ አትገባም? አንቺ ስለ ፈረንጅ ፋብሪካ ጻፍሽልኝ።

አንቺ ያየሽውን እኔም አይቻለሁ። አባቷ አስተማሪ ነበር። ዕድሜውን ከአንዱ ገጠር ወደ ሌላው ገጠር ሲያዛውሩት፣ እኔ ዕቃ ሳስርና ስፈታ፣ እሱ የጠመኔ አቧራ ሲስል አለቀ። ሲቀበር ተማሪዎቹ መንገዱን ሞልተውት ነበር፤ እውነት ነው፣ አልክድም። በማግስቱ ግን ቤቱ ውስጥ እኔና ሰላም ብቻ ነበርን። አስፋው የወንድሙን ልጅ አልረሳም፣ ቦታ ይዞ ይጠብቃታል። ነጥቧ ካላማረ ደግሞ ቆላ ወርውረው ሊረሷት ይችላሉ። እኔ ክፉ አስቤባት ነው? ለጥቅሟ ነው።

ደግሞስ ተማሪን «የጓደኛህን ሽንኩርት ያዝ» ብሎ ማስተማር የት አገር ያለ ነው? ወላጅ ቢሰማ ምን ይላል? አንቺ እባክሽ እጅሽን አታስገቢ። አውቅሻለሁ፤ የሰርግ ድንኳን ሲተከል እንኳ ሳትጠሪ ገመድ የምትይዢ ነሽ።

ጆሮዬ ያው ነው። ግራው ይሻላል።

ጽጌ

&nbsp;

መርሳ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም፣

ተቆጣሽኝ፤ ልክ ነሽ፣ ይቅር በይኝ። ትናንት በወንድሙ የላክሽው ቁራጭ ወረቀትም ደርሶኛል። ለመሆኑ ማን ነገረሽ? መርሳ ላይ ያስነጠሰውን ወልድያ ላይ «ይማርህ» ይሉታል ማለት ነው! አዎ፣ አልቅሳለች። ያልጻፍኩልሽ ለቅሶውን ሳቅ ስለቀደመው ነው፤ በየት በኩል እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። ባለፈው ሰኞ አሥር ኤዎችን ሰብስባ «እናንተ ባዕድ ናችሁ፤ ሄዳችሁ የቢዎችን መደብ ያዙ፤ ጨከን በሉ» አለቻቸው። አቤል የሚባል የመካኒክ ልጅ ነጋዴ ተደርጎ መሪያቸው ሆነ። ጁነይድ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ባንዲራ ሰፋላቸው፤ «የማን አገር ነው?» ቢላቸው «ገና አልወሰንም» አሉት።

ሄዱልሽ ባንዲራቸውን ይዘው። የአሥር ቢ ልጆች ከሩቅ ሲያዩዋቸው ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ብድግ ብለው «ኖር! ኖር!» አቤልም ሳያስበው ከአፉ አምልጦት «በእግዜር!» አለ። አለቀ! «በእግዜር» ብሎ የገባ ሰው ከዚያ በኋላ ምን ይይዛል? ድንጋይ ጠርገው አስቀመጧቸው። የቢዎቹ አለቃ ፍሬሕይወት፣ ልበ ሙሉ ልጅ ናት፣ ከትምህርት ቤቱ በር ከፍራፍሬ ሽያጬ የገዛችውን ብርቱካን ልጣ ለአቤል አቀረበችለት። ሰላም ከወዲያ ሆና «አቤል! ባንዲራውን!» ትላለች። አቤል ብርቱካኑ አፉን ሞልቶት «መምህር፣ ያበላኝን ሰው እንዴት አድርጌ ልግዛ? ነውር ነው እኮ!» ጭራሽ ለቢዎቹ ሽንኩርት በደቦ ሊኮተኩቱ ቀጠሮ ይዘው ተመለሱ።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ፍቅሩ ከቢሮ ወጥተው «ሰላማዊት፣ ወሎ ውስጥ ቅኝ ገዥ ማሠልጠን አይቻልም፤ ሌላ ክፍለ ሀገር ሞክሪ» ብለው ቀለዱ። አብራቸው ሳቀች፤ ቤት ስትገባ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «እማዬ ልክ ናት መሰለኝ» አለች። የደበቅሁሽ ይህን ነው። ይህን ብነግርሽ አስፋውን በማግስቱ ትልኪዋለሽ ብዬ ፈራሁ።

ቆይ ግን፣ አልጨረስኩም! ጧት ፊቷን እየታጠበች ሳሙናውን እንደያዘች «አክስቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው!» ብላ ጮኸች። «ጨካኝ ሁኑ ብዬ ላክኋቸው። ‹እኔ ጨካኝ ነኝ› ብሎ የመጣ ሰው የለም። የሚፈልጉት ነገር ሊኖራቸው ነበር የሚገባው።»

እና ሰጠቻቸው! አሥር ኤ ለክፍሎች የኳስ ውድድር ማሊያ የለውም፤ ሽንኩርት ግን መርሳ ገበያ ላይ ይሸጣል። ይኸውልሽ ንግድ። ዮሴፍ የሚባለው ተማሪያቸው አባቱ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ነው የሚሠራው፤ ስለ አዘራር የማያውቀው የለም፣ የቢዎቹ መስመር ጠማማ ነው ብሎ ከልቡ ያዝናል። ይኸውልሽ አሠልጣኝ። «ደግሞ አሥር ሲዎች መደቡን አይተውታል፤ እንዳይቀድሟችሁ» አለቻቸው። ይኸውልሽ ቅናቱ። ሕጉ ይህ ነው፦ መደባደብ የለም፣ መዋሸት የለም፣ ቢዎች «እሺ» ያላሉት ነገር አይወሰድም። ሱፐርቫይዘሩ እስከሚመጣ ጨዋታው ይቀጥላል።

ጽጌዬ፣ የልጆቹን ዓይን ብታዪ! ባለፈው ሰኞ እንደ በግ ነበሩ፤ አሁን ግን በዕረፍት ሰዓት ከፍራፍሬዬ ፊት ቆመው ሲመካከሩ ሚኒስትሮች ይመስላሉ። እኔ አልገባሁበትም። ሽያጬ በሩ አጠገብ ስለሆነ ብቻ እሰማለሁ።

እስከዚያ አስፋውን አትላኪው፤ በእመቤቴ።

ሸዋዬ

&nbsp;

ወልድያ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሸዋዬ፣

«እማዬ ልክ ናት» ብላ ነበርና ይህን ከእኔ ደበቅሽ! እናት እኮ እንዲህ ያለ ቃል በዕድሜዋ ስንቴ ትሰማለች?

ቁርጡን ልንገርሽ። አስፋው ሐሙስ ሥራ አስፈቅዶ በመኪናው ይመጣል። ሱፐርቫይዘሩ ይያት፣ ትምህርቷን ትጨርስ፣ በክብር ትውጣ፤ ከዚያ ይዟት ይምጣ። ዕቃዋን አሰናጂላት። የሻንጣዋ ዚፕ ተበላሽቷል፣ ጁነይድ ያይላት።

እንዳትከራከሪኝ።

ስለዚያ ስለ ሽንኩርቱ ግን፣ ቢዎቹ እሺ አሉ? ይህን ብቻ ጻፊልኝ።

ጽጌ

&nbsp;

መርሳ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም፣ እታለም፣

እሺ አሉ! ሁሉንም እሺ አሉ! ስንቱን ልንገርሽ፤ ዛሬ ከፍራፍሬዬ ፊት ንቅንቅ አላልኩም፣ ሰው ግን እየመጣ ነገሩን ሁሉ አፈሰሰልኝ። አስፋውም መጥቶ ነበር። ቆይ፣ እሱ በተራው ይመጣል።

መጀመሪያ የመጡት ጋሽ አብርሃም ናቸው፣ የውሃ አባታችን፤ የመስኖውን ተራ ለየሰዉ የሚያካፍሉት እሳቸው አይደሉ? ተናደው ነው የመጡ። «ሸዋዬ፣ የትምህርት ቤቱን የረቡዕ ውሃ ለኤዎቹ አዞርኩት፤ ምነው ሰዉ ሁሉ ይስቅብኛል?»

«ውይ ጋሽ አብርሃም! ጨዋታ እኮ ነው!»

«የምን ጨዋታ? ሁለቱም ወገን ተያይዘው ቤቴ ድረስ መጡ። ያቺ ፍሬሕይወት የምትሉዋት ‹ለእኛ ብለው ሊጠብቁልን ነው› አለችኝ፤ ተስማምተናል አሉ። ውሃ ደግሞ ጨዋታ አያውቅም፤ ትናንት የወረደው ወርዷል።» ብርቱካን ሰጠኋቸው፣ እያጉረመረሙ ሄዱ።

በዕረፍት ሰዓት አቤል እየሮጠ መጣ። «እትዬ ሸዋዬ፣ እኛ እኮ ምንም አላደረግንም! መጀመሪያ ዶማችንን እዚህ እናስቀምጥ አልናቸው፤ እሺ አሉ። ዶማው እንዳይጠፋ አንድ ጠባቂ ይደር አልን፤ ይደር አሉ፣ እንዲያውም ቆሎ አመጡለት። ከዚያ ዮሴፍ መስመራችሁ ተጣሟል፣ ለጥቅማችሁ ነው ብሎ በገመድ ለካው። ለክቶ ሲጨርስ ግማሹ የኤ መስመር ተባለ። ሲዎች ሊመጡባችሁ ነው ስንላቸው ደግሞ ባንዲራውን ራሳቸው ተከሉልን።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ፍሬሕይወት ሽንኩርት ስትነቅል ታስፈቅደናለች።» እየሳቀ ነበር፣ ድንገት ተወው። «ትናንት ልንቀል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ ‹ቆይ› አልኳት። የሚያቆያት ምንም ነገር የለም እኮ። ግን ‹ቆይ› ማለቱ ደስ አለኝ። ለምን ደስ አለኝ እትዬ?» «ሂድ፣ መምህርህን ጠይቃት» አልኩት። ሄደ።

ምሳ አካባቢ አቶ ፍቅሩ ሱፐርቫይዘሩን ይዘው ፓፓያ ሊገዙ ብቅ አሉ። «እንዴት ነበረች?» ብዬ ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው፤ ማፈር የት አውቄ! ሱፐርቫይዘሩ ቀጭን፣ የማይስቅ ሰው ነው። «ሁሉንም መደቡ ዳር አቁማ ‹ጨዋታው አበቃ፤ ኤዎች፣ መደቡን መልሱና ለምን እንደያዛችሁት ተናገሩ› አለቻቸው» አለኝ።

«እና መለሱ?»

«እንዴት ይመልሱ? ያ ዮሴፍ የተባለው ‹መምህር፣ እኛ እኮ አለማነው! መስመሩን ማን አስተካከለው?› ብሎ ቆመ። ሌላው ‹ማሊያው ታዟል› ይላል። ቢዎቹ ደግሞ ግማሾቹ ‹መልሱ›፣ ግማሾቹ ‹ግን ዮሴፍ እውነቱን ነው፣ መስመሩ አምሯል› እያሉ እርስ በርሳቸው ተያያዙ። ያን ምክንያት ከደብተር ያነበበ የለም፤ እያንዳንዱ የራሱን ነው ያወጣው። ደወል ተደወለ፣ ማንም አልሄደም። ስንት ክፍል ገብቼ አውቃለሁ፣ ተማሪ ደወል ሲሰማ ‹ቆይ› ሲል ዛሬ ነው ያየሁት።»

«ነጥቡስ?» አልኩት።

«ሰኞ ተመልሼ እመጣለሁ። ነፃ ሲወጡ ሳላይ ነጥብ አልሞላም።» አቶ ፍቅሩ ከጀርባው ሆነው ጠቀሱኝ። ትልቁን ፓፓያ መረቅሁለት።

ከዚያ ጁነይድ ሻንጣውን አንጠልጥሎ መጣ፤ ከባድ ሊያነሣ አልተፈቀደለትም፤ ግን ባዶ ነው። «ዚፑን ሠርቼዋለሁ። ግን ሸዋዬ፣ ማን ሊሄድ ነው? ልጆቹ ለሰኞ ሁለተኛ ባንዲራ አዘውኛል፣ የቢዎቹን፤ መምህርቷ ከሌለች ለማን ነው የምሰፋው?» ሻንጣውን ተቀብዬ ከአግዳሚው ሥር ከተትኩት። የአስፋውን መኪና በትምህርት ቤቱ በር ሲገባ አይቼዋለሁ።

አስፋው ወደ እኔ የመጣው በስንት ሰዓቱ ነው! ካራቫቱ ተፈትቷል፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ። አግዳሚው ላይ ዘጭ ብሎ «ውሃ ስጪኝ» አለ።

«ምን ሆንክ?»

«ልወስዳት ስገባ ሽንኩርቱ መሐል ቆማለች፣ ያ ሁሉ ልጅ ከቧታል። አንዷ ተማሪ ዞር ብላ ‹ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ፈልገው መጡ?› አለችኝ። ‹መምህርታችሁን ልወስድ› አልኩ። ‹ለምን?› አለችኝ። ‹ለጥቅሟ ነዋ!›»

«ከዚያስ?»

«ሸዋዬ፣ ሳቁ! እስኪያነቡ ነው የሳቁት! እኔ ምን እንዳልኩ መች አወቅሁ? ለካ ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ቃል ሲበላሉ ነው የከረሙት። ሳቁ ሲበርድ ያቺው ልጅ ‹እሺ ብላለች? ሕጋችን እሺ ካላለች አትወሰድም ነው› አለችኝ። ወደ ሰላም ዞርኩ። ‹ጋሼ፣ ማንም እኮ አልጠየቀኝም፤ ጠይቀኝ› አለች። ቦታውን ስይዝላት፣ ጽጌ ስትልከኝ፣ መኪና ስነዳ፣ አንድም ጊዜ አልጠየቅኋትም። እዚያው ሁሉ ፊት ጠየቅኋት።»

«እና?»

«እምቢ አለች። በትሕትና ነው፤ አንገቷን ሰበር አድርጋ። የወንድሜ እምቢታ ነው፣ ሸዋዬ። እሱም ባንክ ላስገባህ ስለው እንደዚሁ ነበር ያለኝ።» ውሃውን ጨልጦ ጠጣ።

«ታዲያ እስካሁን ምን ስትሠራ ነበር?» አልኩት በኋላ።

«ከኤዎቹ ጋር ስከራከር! ያ ዮሴፍ የሚባል ልጅ ጉደኛ ነው፤ መደቡን በሊዝ ያከራዩን ይላል።» የባንኩን ቦታ ነገ ለሌላ ሰው እለቃለሁ ብሏል። «ለጽጌ እኔ አልነግራትም፣ አንቺ ጻፊላት» ብሎኝ ሄደ። ይኸው ጻፍኩልሽ። ይህን ወረቀት የያዘው ሾፌሩ ወንድሙ ነው፤ አስፋው አንቺን ፈርቶ «በእኔ እጅ አይሁን» አለ።

ጽጌዬ፣ መቼም ታዝኛለሽ። እዘኚ፣ ግን እሁድ ነይ። ወንድሙ የፊት ወንበር ይይዝልሻል። ሰኞ ልጅሽ ስታስተምር አብረን ከአጥሩ ሥር እንቁም፤ ግራ ጆሮሽን ወደ መደቡ አዙረሽ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ተናገሪያት፤ ብቻ መጀመሪያ ጠይቂያት።

ሰላምዬ እስካሁን አልገባችም። ላሽገው ስል ደግሞ ፍሬሕይወት መጣች፣ ቦርሳዋን አንግታ፣ ግንባሯ አፈር። የአስፋውን መኪና ሲወጣ አይታ ከትምህርት ቤት እስከዚህ ሮጣ ነው፤ መኪናው ውስጥ ማን እንዳለ አልታያትም።

«እትዬ ሸዋዬ፣ መምህር ነገ ትኖራለች አይደል?»

«ትኖራለች። ምነው ልጄ?»

«ሽንኩርታችንን እኮ ገና አላስመለስንም» አለችኝ።